ለገሃር ቆመን አዋሽን አየን

ዛሬ ከአባዬ ጋር ስታዲየም አካባቢ ጉዳይ ነበረን። ቶሎ አለቀልን። «እስቲ ለገሃር ድረስ በእግር እንሂድ» አለኝ።

የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጋ ስንደርስ ቆመ። አሮጌውን ጣቢያ ዝም ብሎ ያየዋል። ልጅ እያለ ከአዋሽ ሰባት ተሳፍሮ የሚወርደው እዚህ ነበር። የሰፈሩ ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917።

አባዬ ግን የሚያስታውሰው ፉጨቱን ነው። ባቡሩ ገና ሳይታይ ፉጨቱ ይሰማል። ያኔ እናቱ የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዛ ትሮጣለች፤ እሱ ደግሞ ጨውና ሚጥሚጣውን በወረቀት ጠቅልሎ ይከተላታል። ይህን ሲነግረኝ ጣቶቹ ወረቀት የሚጠቀልሉ ይመስሉ ነበር። ስንት ዓመት አብረን ኖረን ይህን ሳልሰማ!

እኔ አዋሽን የማውቃት ወደ ድሬ ሳልፍ፣ ሻይ ጠጥቼ ነው። ያ የጥንት የባቡር ሆቴል እዚያው ጣቢያው አጠገብ እንዳለ እንኳ አላየሁም። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ መሬቱ ድንገት ተሰንጥቆ የአዋሽ ገደል ይመጣል። ወዲህ ደግሞ ፓርኩ አለ፤ ሳላው፣ ፏፏቴው፣ የፈንታሌ ተራራ። ይህን ሁሉ በመኪና መስኮት ማለፌ በጣም ቆጨኝ።

ታክሲ ውስጥ «ቅዳሜ እንሂድ?» አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ እጄን ያዘኝ።

አዋሽ ያደጋችሁ፣ የድሮ የጣቢያው ፎቶ ካላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ። ላሳየው።