ልጄ ያየችው ሸረሪቷን አልነበረም

ቅዳሜ ምሽት

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

የአራት ዓመት ልጄ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቁጢጥ ብላ ግድግዳውን ታያለች። ዝም ብላለች። እሷ ዝም ካለች አንድ ነገር አግኝታለች ማለት ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላ አንዲት ሸረሪት ቆማለች። ጮኽኩ። አስቤ አልጮኽኩም፤ ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ልጄ ዞር ብላ ፊቴን አየችው። ከዚያ ሸረሪቷን አየቻት። ከዚያ እንደገና ፊቴን። በሦስተኛው ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ሮጣ መጥታ ጉልበቴን አቀፈችው። ጫማዬን አወለቅኩ። የቀረውን መጻፍ አልሻም።

ሸረሪቷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሰችም። በልጄ ዓይን ግን በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሌላ ፍጡር ሆነች። ሌላ ፍጡር ያደረግኋት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ የዋለው ይህ ነው።

ከዓመታት በፊት ያነበብኩት አንድ ሙከራ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሱዛን ሚኔካ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሬሰስ ጦጣዎች ላይ የሠሩት ነው። በጫካ ተወልደው ያደጉት ጦጣዎች እባብ ሲያዩ ይርበደበዳሉ። በቤተ ሙከራ ያደጉት ግን ከእባብ ማዶ የተቀመጠላቸውን ምግብ እጃቸውን ዘርግተው ያነሳሉ። እነዚህ ፍርሃት የማያውቁት ጦጣዎች፣ አንድ ሌላ ጦጣ እባብ ፊት ሲርበደበድ ለጥቂት ጊዜ እንዲመለከቱ ተደረገ። እነርሱም መፍራት ጀመሩ። ከወራት በኋላ ሲፈተኑም ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም ነበር። ከመካከላቸው እባብ የነከሰው አንድም አልነበረም።

ቀጥሎ ደግሞ በቪዲዮ ሞከሩት። ፊልሙን እየቆረጡ በማገጣጠም በአንደኛው ጦጣዋ እባብ የፈራች፣ በሌላኛው አበባ የፈራች አስመሰሉ። የመጀመሪያውን ያዩት ጦጣዎች እባብ መፍራትን ተማሩ። ሁለተኛውን ያዩት ግን አበባ መፍራትን አልተማሩም።

በዚህ ውጤት ላይ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ዛሬ ግን ገባኝ። አንዳንድ ፍርሃት የሚዘራበት ማሳ ከተፈጥሮ ታርሶ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩን የሚበትነው ግን ሌላ ነው። የአንድ ወላጅ ፊት ይበቃል። የፊቱ ምስል በስክሪን ላይ ቢታይ እንኳ ይበቃል።

እኔ ራሴ ጅብን የጠላሁት ጅብ ከማየቴ ብዙ ዓመት በፊት ነው። አያቴ ተረት ስትነግረኝ የጅቡን ድምፅ ከጉሮሮዋ ጥልቅ ታወጣው ነበር፤ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ እስብና ቀጥዪ እላታለሁ። አያ ጅቦ ሁልጊዜ ሆዳም፣ ሁልጊዜ ሞኝ፣ በተረቱ መጨረሻም ሁልጊዜ የሚዋረድ ነበር። ሲዋረድ ደስ ይለኛል። ጅቡ ምን ይብላ ታዲያ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ትምህርት ቤት ስንገባ ተረቱ ስድብና ሙገሳ ሆኖ ጠበቀን። ከድርሻው አስበልጦ የወሰደ ጅብ ነው። ትምህርቱ ያልገባው አህያ ነው። ምስጢር ያወጣ እባብ ነው። ጎበዙ ደግሞ አንበሳ። «የእባብን ልብ አይቶ እግር ነሳው» እንላለን፤ የእንስሳው አካል ራሱ እንደ ፍርድ ወረቀት ይነበብበታል ማለት ነው። «ለአህያ ማር አይጥማትም» እንላለን። አህያ ግን ሞኝ አይደለችም። ፈረስ ሲደነግጥ ይሸሻል፤ አህያ ስትደነግጥ ትቆማለች፣ ነገሩን ሳታጣራ እግሯን አታነሳም። ይህን ጥንቃቄዋን ግትርነት ብለን ስም ሰጠነው፤ ከስሙ በኋላ ደግሞ ዱላው መጣ። እነዚህን አባባሎች እወዳቸዋለሁ፤ ያለ እነርሱ የምናገርበት አፍ የለኝም። ስለ ሰው ባሕርይ ለማስተማር ከእንስሳት ስማቸውን ተዋስን፤ ዕዳው ግን የተጻፈው በእነርሱ ላይ መሆኑን ዛሬ ነው የማየው።

ስለ ጅብ የበለጠ መጻፍ አለብኝ፤ ከሁሉም በላይ የበደልኩት እሱን ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃንስ ክሩክ የተባሉ ሆላንዳዊ ተመራማሪ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ጅቦችን በሌሊት ይከተሉ ነበር። ከእርሳቸው በፊት ሰዎች ወደ ሜዳው የሚወጡት በጠዋት ነው። በጠዋት የሚያዩት ደግሞ አንበሶች የተገደለውን እንስሳ ሲበሉና ጅቦች ዙሪያውን ቆመው ሲጠባበቁ ነው። አንበሳው አዳኝ፣ ጅቡ ትርፍራፊ ለቃሚ ተብሎ ተደመደመ። ክሩክ በሌሊቱ የነበረውን አዩ። ጅቦች ከሚበሉት አብዛኛውን ራሳቸው የሚያድኑ ናቸው፤ በንጎሮንጎሮ ብዙ ጊዜ የሆነው ደግሞ ጅቦቹ ያደኑትን አንበሶች ደርሰው መንጠቃቸው ነው። ጠዋት ዙሪያውን የቆሙት የተቀሙት ነበሩ። ይህን ሳነብ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ያን ሁሉ ዘመን ቀማኛውን ንጉሥ፣ የተቀማውን ሌባ ስንል ኖረናል፤ ምክንያቱም ዘግይተን ስለደረስን ብቻ።

ሳቁም እንዲሁ ነው። በፊልምና በተረት የጅብ ሳቅ የክፋት ሳቅ ነው። በሜዳ ላይ ግን ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጅቡ ሲጨነቅ፣ በሌላ ጅብ ሲባረር ወይም ምግቡን ሌላ ሊነጥቀው ሲል ነው። የሚሸሽ እንስሳ ሲጮኽ እኛ ያፌዝብናል ብለን ሰማነው። ጅቦች የሚኖሩት በሴቶች በሚመራ መንጋ ነው፤ አንዲት እናት ግልገሎቿን ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባለች። እነዚህ ነገሮች አያቴም ጋ፣ መጽሐፌም ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑም ላይ አልነበሩም።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን «ላየን ኪንግ» የተባለ ዝነኛ የአንበሶች ካርቱን የሠሩት ሠዓሊዎች፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይጠኑ የነበሩትን ጅቦች ሄደው እያዩ ሥለዋል። ተመራማሪዎቹ እንስሳቱ በመልካም ገጽታ እንዲቀርቡ ተስፋ አድርገው ነበር። ሠዓሊዎቹ የጅቦቹን አረማመድ በትክክል ወሰዱ፣ ልባቸውን ግን ከቀድሞው ተረት አመጡ። ያን ፊልም ስንት ትውልድ ልጅ እንዳየው ሳስብ አያቴ ይቅር ትባላለች፤ እሷ ለአንዲት ልጅ ብቻ ነበር የተናገረችው።

ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ መጻሕፍቷንና አሻንጉሊቶቿን አየሁ። ድብ አለ። ጥንቸል፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ ሁለት አንበሳ አለ። የሌሊት ወፍ የለም። ጥንብ አንሳ የለም። ሸረሪት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አለች፣ የጠንቋይዋ ጣሪያ ላይ። ሁሉም የተወደዱት ትልቅ ጭንቅላት፣ ትላልቅ ዓይኖች፣ ክብ ጉንጭና አጭር እግር አላቸው። ኮንራድ ሎሬንዝ የተባሉት የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1943 የጻፉት ይህንኑ ነው፤ የሕፃን መልክ የሚመስል ነገር ሁሉ የመንከባከብ ስሜታችንን ይቀሰቅሳል። አሻንጉሊት ሠሪው ይህን ያውቃል፣ ካርቱን ሠሪውም ያውቃል።

ጥላቻዬ የተማርኩት እንደሆነ ካመንኩ፣ ፍቅሬም የተማርኩት መሆኑን ማመን አለብኝ። ይህኛው ይከብደኛል።

ድቡን አነሳሁት። የዚህ አሻንጉሊት ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በሚሲሲፒ ለአደን ወጥተው ምንም ሳይገድሉ ሲቀሩ፣ አጃቢዎቻቸው አንድ ድብ ይዘው ከዛፍ ጋር አሰሩላቸው። ፕሬዚዳንቱ የታሰረ አልተኩስም አሉ። ጋዜጣ ሣለው፣ ከሥዕሉም አሻንጉሊቱ ተወለደ፣ ስሙም ከፕሬዚዳንቱ ቁልምጫ ቴዲ ተባለ። ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ይህ ነው፤ ድቡ በጣም ቆስሎ ስለነበር ከሥቃዩ ይገላገል ተብሎ በቢላዋ ተገደለ። ልጄ በየሌሊቱ አቅፋው የምትተኛው የዚያን ድብ መታሰቢያ ነው። አሻንጉሊቱን ከመደርደሪያው ልወስድባት አላሰብኩም፤ ስታድግ ግን እነግራታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በፈረንሳይ አገር ብቻ በቀጭኔ ቅርጽ የተሠራ የሕፃናት ማኘኪያ አሻንጉሊት ከ800,000 በላይ ተሸጧል። በዱር ያሉት ሕያዋን ቀጭኔዎች ግን በዚያን ጊዜ ግምት ከ100,000 ያነሱ ነበሩ። ይህን ያነጻጸሩት ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፍራንክ ኩርሻምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሲሆን፣ ሥጋታቸው ምስሉ በዙሪያችን ስለበዛ እንስሳው ራሱ የበዛ ይመስለናል የሚል ነው። በቺምፓንዚም ይኸው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ላይ ከተጠየቁ የአሜሪካ መካነ እንስሳት ጎብኚዎች መካከል 95 በመቶው ጎሪላ የመጥፋት አደጋ እንዳለበት ሲያውቁ፣ ስለ ቺምፓንዚ ያወቁት 66 በመቶው ብቻ ነበሩ። በማስታወቂያና በአስቂኝ ፊልም ልብስ ለብሶ ስለሚታይ ሰላም ያለው መሰላቸው።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ዓይነ ትልቅ ትንሽ እንስሳ ስትኮረኮር ሁለት እጆቿን ወደ ላይ የምትዘረጋበትን ቪዲዮ ደስ ብሎኝ ለጓደኞቼ ልኬያለሁ። ስሎው ሎሪስ ትባላለች፤ የእስያ ደኖች የሌሊት እንስሳ ናት። እጇን የምታነሳው ደስ ብሏት አይደለም። በክንዷ ውስጠኛ ክፍል መርዝ የሚያመነጭ ዕጢ አለ፤ ስትፈራ እጇን አንሥታ ትልሰዋለች፣ ከምራቋም ጋር ቀላቅላ ለመንከስ ትዘጋጃለች። በሕገ ወጥ ንግድ የሚሸጡት ደግሞ እንዳይነክሱ ጥርሳቸው ይቆረጣል። እኔ የሳቅኩበት ፍርሃቷን ነበር። ከጅቡ ሳቅ ጋር ያለው ዝምድና አሁን ስጽፍ ነው የታየኝ፤ አንዱን ሲጨነቅ ክፉ፣ ሌላይቱን ስትጨነቅ ደስተኛ አደረግናቸው።

ጥንብ አንሳን የወደደ የለም። በሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ የተሰጣቸውን ከብቶች ሬሳ እየበሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩት አለቁ፤ የአንዳንዶቹ ዝርያዎች ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ ወረደ። ብዙ ሰው ያወቀው የከብቱ ሬሳ ሜዳ ላይ መበስበስ ሲጀምር ነው።

ተረትና ፊልም ይቅሩ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሮጀር ፔን የተባሉ ተመራማሪ የዓሣ ነባሪዎችን ዝማሬ በሸክላ አሳተሙ። ሰው ሊፈራው ወይም ዘይት ሊያወጣበት ብቻ ያውቀው የነበረው ግዙፍ ፍጡር ሲዘፍን ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ1982 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገውን አደን ለማቆም ድምፅ ሰጠ። ያንን ውሳኔ ሸክላው ብቻውን አላመጣውም፤ ግን ረድቶታል። በዚያ ሸክላ ላይ ዓሣ ነባሪው በሰው ቋንቋ አያወራም፣ ጨዋም ጨካኝም አልተደረገም። እንዲሰማ ብቻ ተፈቀደለት። ለልጄ የምፈልገው እንደዚህ ያለውን ነው።

እሑድ

ከሰዓት በኋላ ልጄ ከሳሎን ጮኻ ጠራችኝ። «እማዬ፣ ነይ ግደያት!» በመስኮቱ ጥግ፣ ከመጋረጃው በታች፣ ከትናንትናዋ የምታንስ አንዲት ሸረሪት ድሯን ዘርግታለች።

ግደያት። ትናንት ጠዋት ይህ ቃል በአፏ አልነበረም።

እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ ከበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መዳፌ አልቦታል። «ትፈሪያለሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ እሷ ግን ምንም አላደረገችኝም ብዬ ጨመርኩ። ትንሽ አሰበችና አጠገቤ ተቀመጠች። ስንት እግር እንዳላት ጠየቅኳት። ከተቀመጥንበት ለመቁጠር ይርቅ ነበር። ተነሥታ አንድ እርምጃ ሄደች። «ስድስት» አለች። ሌላ እርምጃ። «ሰባት።» ስምንተኛዋ ከመጋረጃው ጥላ ውስጥ ስለነበረች፣ እሷን ለማየት ሁለታችንም አንገታችንን ማዝመም ነበረብን።