የቀድሞውን መሥሪያ ቤት ለምን ለቀቁ?

ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው ስለ ትምህርቱና ስለ ሥራ ልምዱ በልበ ሙሉነት ሲናገር ቆይቶ፣ «የቀድሞውን መሥሪያ ቤት ለምን ለቀቁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ይላል። በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራዬ ይህን ደጋግሜ ስለማይ፣ ሥራ ፈላጊዎች እውነተኛና አጭር መልስ ይዘው እንዲቀርቡ ከልብ እመኛለሁ።

አብዛኛው ሰው የመልቀቂያ ማመልከቻው ላይ «በግል ጉዳይ ምክንያት» ብሎ ይጽፋል። ከአለቃ ጋር በሰላም ለመለያየት ሲባል የሚደረግ ስለሆነ አልነቅፈውም። ቃለ መጠይቁ ላይ ይኸው ሲደገም ግን ጠያቂው የቀረውን በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም ለአመልካቹ የሚያደላ አይሆንም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን በፈቃዱ መልቀቅ ይችላል። አሠሪውም ሠራተኛው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ለምን እንደለቀቀ ላይናገር ይችላል፤ ይህን የማስረዳቱ ፋንታ የአመልካቹ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በደል ደርሶበት የወጣ ሰው መልስ ነው። ደመወዙ በየወሩ እየዘገየ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት የለቀቀ ሒሳብ ሠራተኛን እናስብ። ይህ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም፤ አዋጁ ራሱ አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ሳይወጣ ሲቀር ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ እንኳ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። «ደመወዝ በተደጋጋሚ ስለዘገየብኝ አስቀድሜ በጽሑፍ አሳውቄ፣ የያዝኳቸውን ሰነዶች አስረክቤ፣ ክሊራንስ ጨርሼ ለቅቄአለሁ» ቢል ይበቃዋል። ከዚያ አልፎ ስለ ድርጅቱ ባለቤት ጠባይ ወይም ስለ ድርጅቱ ዕዳ መዘርዘር ከጀመረ፣ ጠያቂዎቹ የሚሰሙት ነገ የእነርሱንም ምስጢር ሌላ ቦታ የሚያወራ ሰው ነው፤ በተለይ ለሒሳብና ለግዢ ሥራ ይህ ጥርጣሬ ብቻውን ዕድሉን ሊያሳጣው ይችላል።

የተሻለ ደመወዝ ፈልጎ መልቀቅም ነውር አይደለም። የኑሮ ውድነቱን ጠያቂውም ያውቀዋል፤ ሆኖም ከደመወዙ ጋር አዲሱ ሥራ ምን እንደሚያስተምረው ቢጨምር መልሱ ይሞላል።

የተሰናበተ ሰው ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በሠራተኛ ቅነሳ የወጣ ሰው «ለቅቄ ነው» ማለት የለበትም፤ ቅነሳ የድርጅቱ ችግር እንጂ የእርሱ ጥፋት አይደለም፣ ውሸቱ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የራሱ ይሆናል። በዲሲፕሊን የተሰናበተም ቢሆን የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ከዚያ ወዲህ የሠራውን ቢያሳይ፣ ጠያቂው በስልክ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ይሻላል። በዚህ በከተማችን በአንድ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉና ስልኩ መደወሉ አይቀርም።

ስለዚህ አመልካቹ ከቃለ መጠይቁ በፊት የቀድሞ የቅርብ ኃላፊውን ወይም አብሮት የሠራ ከፍተኛ ባለሙያን አስፈቅዶ ስሙንና ስልኩን ይያዝ፤ ይህ ሰው ስለ አለቃቀቁ የሚያውቀውም አመልካቹ ከሚናገረው ጋር አንድ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ።