ኩላንት በቀለሙ አይመረጥም

አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሞተር መደበኛ ሙቀትም ወደ 90 ይጠጋል። ስለዚህ በኩላንት (በሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ፋንታ ባዶ ውሃ የተሞላ መኪና የራዲያተር ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው ዳገት ላይ ይፈላል። ከፈላ ደግሞ ቀጥሎ የሚሄደው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። የቧንቧ ውሃ ዝገትና ደለልም ያመጣል።

«አረንጓዴ ወይስ ቀይ?» ብሎ መግዛት ግን አያዋጣም። ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ አምራቾች አልተስማሙበትም። የመኪናውን መመሪያ ከጀሪካኑ ጀርባ ጋር አስተያዩ። ለቶዮታ በአብዛኛው ሲሊኬት የሌለበት፣ ፎስፌት ያለበት ኦርጋኒክ ኩላንት ይፈለጋል፤ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ፎስፌት አይወዱም (ሲሊኬትና ፎስፌት የዝገት መከላከያ ቅመሞች ናቸው)። የማይስማሙ ዓይነቶች ሲደባለቁ የዝገት መከላከያው ይዳከማል፣ አንዳንዴም እንደ ጄሊ ረግቶ ራዲያተሩን ይደፍናል። በውስጡ ያለው ካልታወቀ አጥቦ እንደ አዲስ መሙላት ይሻላል።

50/50 የሚል ካለበት ተበጥብጦ ያለቀ ነው፤ ውሃ አትጨምሩበት። ያልተበጠበጠው ግን እኩል በእኩል ይቀላቀላል፦ 6 ሊትር ለሚይዝ መኪና 3 ሊትር ኩላንት፣ 3 ሊትር ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ (የባትሪ አሲዱን እንዳትጨምሩ አደራ!)። ሳይበጠበጥ ቢሞላ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል።

የራዲያተር ክዳኑን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈቱ። የውስጥ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ፤ ከዚያ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን አስነሱና የራዲያተሩ የላይኛው የጎማ ቱቦ እስኪሞቅ፣ አረፋውም እስኪቆም ጠብቁ። አየር ከቀረ የሙቀት ጌጁ ይዋዥቃል። በማግስቱ ጠዋት መጠባበቂያ ጋኑን አይታችሁ የጎደለውን በዚያው ድብልቅ ሙሉ።