በኤንኤፍኤስ ላይ የተጻፈ ፋይል ስህተቱ የት ይወጣል?

ፕሮግራም ራይትን (ፋይል ላይ የሚጽፈውን ጥሪ) ጠርቶ የላከው ባይት ሁሉ ተቆጥሮ ሲመለስለት፣ ብዙ ሰው ዳታው ዲስክ ላይ ያረፈ ይመስለዋል። በኤንኤፍኤስ (የሌላ ማሽን ፋይሎችን በኔትወርክ መጠቀሚያ ዘዴ) ላይ ግን ያ መልስ የሚመጣው ከክላየንቱ (ፋይሉን ከሚጠቀመው ማሽን) ከራሱ ከርነል፣ ማለትም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ዳታው ገና ክላየንቱ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ ሰርቨሩ ወሬውም አልደረሰውም። ሊኑክስ ላይ የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ እዚያው 30 ሰከንድ ያህል ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ኮታ (ለተጠቃሚው የተፈቀደው ቦታ) ቢሞላ ወይም የሰርቨሩ ዲስክ ቦታ ቢያልቅ፣ ስህተቱ ብቅ የሚለው በኋላ በሚመጣ ራይት፣ በኤፍሲንክ (ዳታው ዲስክ ላይ እስኪያርፍ በሚጠብቀው ጥሪ) ወይም በክሎዝ (ፋይሉን በሚዘጋው ጥሪ) ላይ ነው። ኤንኤፍኤስ ፋይል ሲዘጋ የቀረውን ወደ ሰርቨር ስለሚልክ፣ ክሎዝ የመለሰውን የማያይ ኮድ ዳታ ጠፍቶበት «ጨርሻለሁ» ይላል። በክሎዝ ብቻ መተማመንም አይበቃም። በኤንኤፍኤስ ቨርዥን 4 ክላየንቱ የመጻፍ ዴሌጌሽን (ፋይሉን ለጊዜው በራሱ እንዲያስተዳድር ሰርቨሩ የሚሰጠው ፈቃድ) ከያዘ፣ ሊኑክስ መላኩን አስጀምሮ ውጤቱን ሳይጠብቅ ፋይሉን ሊዘጋ ይችላል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፕሮግራሙ የሚጽፍበት ላይብረሪ በባፈር (በጊዜያዊ ማቆያ) የያዘውን በፍለሽ ጥሪ ወደ ከርነል ማውረድ፣ ከዚያ ኤፍሲንክ፣ ከዚያ ክሎዝ። የሦስቱም መልስ ይታያል። ነባር ፋይል የሚተካ ከሆነ አዲሱን እዚያው ፎልደር ውስጥ በጊዜያዊ ስም ጽፎ፣ ኤፍሲንክ ከተሳካ በኋላ ብቻ ስሙን መቀየር ነው። መሀል ላይ ቢበላሽ አሮጌው አይነካም።

ኤፍሲንክ ከከሸፈ ደግሞ እሱኑ መልሶ መጥራት ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ከርነሉ ስህተቱን አንዴ ከተናገረ በኋላ ያልተጻፈውን ዳታ ከሜሞሪ ጥሎት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ጥሪ «ተሳክቷል» የሚለው የሚጽፈው ስላልቀረው ነው። በ2018 የዳታቤዙን የፖስትግሬስኪውኤልን አዘጋጆች ያስደነገጠው ይኸው ነው። ዛሬ ዳታቤዙ ኤፍሲንክ ሲከሽፍበት ራሱን አቁሞ ከሎጉ (ለውጦችን ቀድሞ ከሚመዘግብበት ፋይል) ያገግማል። እናንተም ኤፍሲንክ እስኪሳካ ዋናውን ዳታ አትልቀቁ፤ ከከሸፈ ከእሱ እንደገና ጻፉ።

ሰርቨሩ በኩልም መታየት ያለበት አለ። በቨርዥን 2 ሰርቨሩ እያንዳንዱን ራይት ዲስክ ላይ ሳያሳርፍ መመለስ አይችልም ነበር፤ ያ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። በ1995 የወጣው የቨርዥን 3 ሰነድ ሰርቨሩ ዳታውን ሜሞሪው ላይ ተቀብሎ እንዲመልስ ፈቀደ፤ ክላየንቱም ኮሚት (ዳታውን ዲስክ ላይ አሳርፍ የሚል ጥያቄ) ልኮ እሺ እስኪባል ቅጂውን ይይዛል። ሰርቨሩ ከእያንዳንዱ መልስ ጋር 8 ባይት መለያ ይልካል። ሰርቨሩ ሪስታርት ካደረገ መለያው ይለወጣል፣ ክላየንቱም የያዘውን እንደገና ይልካል። ኤክስፖርቱ (ሰርቨሩ ፎልደሩን የሚያጋራበት ቅንብር) ላይ «ኤሲንክ» ከተጻፈ ግን ይህ ጥበቃ ፈረሰ፦ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሳያደርስ «ደርሷል» ይላል፣ ክላየንቱ ቅጂውን ይጥላል። በመሀል ሰርቨሩ ቢወድቅ ዳታው ይጠፋል፤ ኤፍሲንክን በጥንቃቄ የሚያይ ፕሮግራም እንኳ ስህተት አያገኝም።

ክላየንቱ ላይ ማውንት ሲደረግ (የሰርቨሩ ፎልደር ሲገናኝ)፣ የሚጻፍበት ከሆነ «ሃርድ» ይሁን፤ ይህ ሰርቨሩ እስኪመልስ መሞከሩን አያቆምም። «ሶፍት» ሰርቨሩ ዝም ሲል ሙከራውን ጨርሶ ስህተት ይመልሳል፣ በመንገድ ላይ የነበረው ዳታም ይቀራል። «ሶፍት» የግድ ከሆነ «ታይምኦ» (ድጋሚ ከመሞከር በፊት መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ) የሚለካው በሰከንድ አንድ አሥረኛ መሆኑን አትርሱ፦ 600 ማለት 60 ሰከንድ ነው፤ 60 የጻፈ ሰው የሰጠው 6 ሰከንድ ብቻ ነው።