የኬፕ ኮድ ሙከራና የሰመጠው ጨው

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1985 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባለሙያዎች ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬፕ ኮድ በሚባለው ስፍራ ብሮማይድ የተባለ ጨው ያለበት 7.6 ሜትር ኩብ ውሃ በ3 ጉድጓዶች ወደ ከርሰ ምድር ለቀቁ። አካባቢው ከ1936 ጀምሮ የአንድ የጦር ካምፕ ፍሳሽ ወደ አሸዋው ሲሰርግበት የኖረ ነበር። ዓላማው ብክለት በዚያ አሸዋና ጠጠር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ መለካት ነበር። ለክትትል 656 ቋሚ ቱቦዎች ተተከሉ፤ እያንዳንዳቸው በተለያየ ጥልቀት 15 የናሙና መውሰጃ ነበራቸው።

ፍጥነቱን አስቀድሞ ማስላት አያስቸግርም። የአሸዋው ውሃ አሳላፊነት በቀን 110 ሜትር ያህል፣ የውሃው ወለል ቁልቁለት 0.0015፣ ክፍተቱ (በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ድርሻ) 0.39 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አባዝቶ ለሦስተኛው ማካፈል በቀን 0.42 ሜትር ይሰጣል። ብሮማይዱም ወደ ጎን የተጓዘው በዚሁ ፍጥነት ነው።

ነገር ግን ወደ ታችም 4 ሜትር ያህል ወረደ። አንዱ ምክንያት ከላይ የሚሰርገው የዝናብ ውሃ ነው፤ ሌላው፣ በተለይ በመጀመሪያው ሰሞን፣ የራሱ የጨዉ ክብደት። በሊትር 640 ሚሊግራም ብሮማይድ ትንሽ ይመስላል፤ ውሃውን የሚያከብደው ከሺህ አንድ እጅ በማይሞላ መጠን ነው። ሆኖም ውሃውን ወደ ጎን የሚነዳው ቁልቁለት ራሱ ከሺህ 1.5 ብቻ ስለሆነ ያቺ ትንሽ ክብደት ከእሱ ጋር ትፎካከራለች። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

እዚያ ጥልቀት ላይ መውሰጃ ባይኖር ኖሮ ጨዉ የጠፋ ወይም የተበረዘ ይመስል ነበር። ስፋቱም ያታልላል፦ 200 ሜትር ከተጓዘ በኋላ ደመናው (በውሃው ውስጥ የተሰራጨው ጨው) ወደ ፊት ከ80 ሜትር በላይ ቢዘረጋም ወርዱ 14 ሜትር፣ ውፍረቱ ከ4 እስከ 6 ሜትር ነበር። በየ30 ሜትሩ በተቆፈሩ የክትትል ጉድጓዶች መካከል ሳይነካ ያልፋል። ረጅም ስክሪን (ውሃ የሚያስገባ ቀዳዳማ ክፍል) ያለው ጉድጓድ ደግሞ ቢያገኘውም ከንጹሕ ውሃ ጋር ስለሚቀላቅለው መጠኑን አሳንሶ ያሳያል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚያደርጉ ጨዉን የሚበጠብጡት በቦታው ውሃ ይሁን፤ ሙቀቱም ይመሳሰል፣ ቀዝቃዛ ውሃም ይሰምጣልና። መጠኑን መለኪያው ሊያነበው ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን ተነስቶ መወሰን ይሻላል፤ «እንዳይጠፋ» ብሎ ጨው መጨመር ሙከራውን ያበላሻል። ናሙና ሲወሰድም ቱቦው የያዘውን ብቻ ደፍቶ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። የውስጥ ስፋቱ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ቱቦ የሚይዘው 160 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ በባልዲ መቅዳት ደመናውን ከቦታው መጎተት ነው።

ለማጽዳት ሥራ ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር ብሮማይዱ ሳይሆን አብረውት የተለቀቁት ሊቲየምና ሞሊብዴት የተባሉት ሌሎች ሟሚ ንጥረ ነገሮች ናቸው። በዚያው መንገድ ቢሄዱም ከአሸዋው ጋር እየተጣበቁ ፍጥነታቸው በግማሽ ያህል ቀነሰ። የጽዳት ፓምፕ የሚሠራበትን ዘመን በውሃው ፍጥነት ብቻ ያሰላ መሐንዲስ፣ እንዲህ ለሚጣበቅ ብክለት ቢያንስ እጥፍ ጊዜ መያዝ ነበረበት።