ማድ ቤት ከምጣዱ ይጀመራል

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ማድ ቤት ሲነሣ ቀድሞ የሚያወራው ስለ ካቢኔቱ ነው፤ ቀለሙ፣ እጀታው፣ የላዩ ግራናይት። ጎንደር ላይ ቤቴን ሳሠራ ግን ሁሉንም የወሰነው ምጣዱ ነው። የት ይቀመጣል? መብራቱ ከየት ይመጣለታል? እንፋሎቱ በየት ይወጣል? እነዚህ ሦስቱ መልስ ካገኙ የቀረው በየቦታው ይገባል። ይህን ግን ንድፉን የሠራውም፣ ያጸደቀውም፣ ሽቦ የዘረጋውም አልነገረኝም። አዘዞ በኩልም ሆነ ማራኪ ሠፈር አዲስ የሚሠሩ ቤቶች ውስጥ ስገባ የማየው ያንኑ ንድፍ ስለሆነ፣ ልስን ያልጀመረ ሰው ቢያነበው ብዬ ጻፍኩት።

ነዳፊዎች የሚከተሉት ደንብ አለ። ፍሪጅ፣ ዕቃ ማጠቢያና ምድጃ በሦስት ማዕዘን ይቀመጡ፤ የሦስቱ ጎን ድምር ከ4 ሜትር አይነስ፣ ከ8 ሜትር አይብለጥ ይላል። ደንቡ ከፍሪጅ አውጥቶ ለሚያበስል ቤት ልክ ነው። እኛ ቤት ግን ትልቁ ሥራ ፍሪጅ አጠገብ አይደርስም። ሊጡ ይቦካል፣ ከላዩ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፣ ከሊጡ ተቀንሶ ምድጃ ላይ አብሲት ይጣላል፣ ተመልሶ ይቀላቀላል፣ ኩፍ ሲል ወደ ምጣድ ይሄዳል፣ እንጀራው በሰፌድ ወጥቶ ይበርዳል፣ ከዚያ መሶብ ይገባል። ስለዚህ የእኔ መስመር ውሃ፣ ሊጥ፣ ምድጃ፣ ምጣድ፣ ማብረጃ የሚል ነው፤ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ወደ ኋላ ሳይመላለስ። ፍሪጁ በር አጠገብ ቢቆም ማንንም አይጎዳም። እንዲያውም ውሃ ለመጠጣት የሚገባው ልጅ የጋለ ምጣድ አጠገብ እንዳያልፍ ያደርጋል።

ማድ ቤቱ 3 ሜትር በ3 ሜትር ከ60 ነው፤ ካጠገቡ 1 ሜትር ከ80 በ2 ሜትር የሆነ የምጣድ ክፍል አለው። መዝጊያ የሌለው ሰፊ ክፍት ያገናኛቸዋል። መሥሪያ ጠረጴዛው በሁለት ግድግዳ በኤል ቅርጽ የሚሄድ ሆኖ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። መሐል ላይ የሚቆም ደሴት የሚሉትን ጠረጴዛ አልፈለግሁም። በዓል ሲመጣ፣ በተለይ ለጥምቀት እንግዳ ሲሞላ፣ ማድ ቤት ውስጥ አራት አምስት ሴቶች አብረው ይሠራሉ፤ መሬት ላይ ዱካ ይዞ ሽንኩርት የሚልጥ አለ፤ መሐሉ ክፍት ካልሆነ መተላለፍ የለም።

ከመገንባቱ በፊት ሶሌታው ላይ በጠመኔ በትክክለኛ ልኩ አስምሩት። ወረቀት ላይ የሚበቃ የመሰለው ሁሉ መሬት ላይ ሲሰመር ይጠባል። ምጣዱን ራሱን፣ የሊጡን ባልዲና ሁለት ጀሪካን አምጥታችሁ መስመሩ ላይ አስቀምጡ፤ በየቀኑ የምትጋግረዋ ሴት ቆማ የመገልበጥን፣ የማንሣትን፣ የማዞርን ሥራ በባዶ እጇ ትሥራው። ክርኗ ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ያኔ ታውቁታላችሁ።

ከፍታው ላይ ከባለሙያዎቹ ጋር አልስማማም። ጠረጴዛውን ሁሉ በ90 ሴንቲ ሜትር አስተካክለው ምጣዱን እላዩ ላይ ያስቀምጣሉ። ለመክተፊያ 85 ወይም 90 ጥሩ ነው። ምጣዱ ግን የራሱ ውፍረት ስላለው እዚያ ላይ ሲወጣ ሊጥ የምታዞረው ሴት ትከሻዋን ሰቅላ ትሠራለች፤ ማዶ ያለው ጠርዝ ላይ ለመድረስም በጋለው ላይ ክንዷን ትዘረጋለች። የምጣዱ የላይኛው ገጽ ከወለል ከ70 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ምጣዱን ከነእግሩ ለኩና ማስቀመጫውን ከዚያ ቀንሳችሁ አሠሩ። ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ምጣድ 80 ሴንቲ ሜትር ቦታ ተዉለት፤ ከግድግዳ 15 ይራቅ። በቀኝ በኩል 70 ሴንቲ ሜትር ማብረጃ ይኑር፤ ግራኝ ከሆነች በግራ። አክንባሎው የሚያርፍበት ቦታም ለብቻው ይታሰብ፤ ካልታሰበ ማብረጃው ላይ ይቀመጥና የሚወጣው እንጀራ ማረፊያ ያጣል።

አክንባሎ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከምጣድ በላይ የግድግዳ ካቢኔት አታሰቅሉ። ካቢኔቱ የሚሠራበት የተጨመቀ እንጨት፣ ኤምዲኤፍ፣ ከጠርዙ ጀምሮ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ማጠፊያውን የያዘው ብሎን ይለቃል፣ መዝጊያው ያዘነብላል። በምጣዱ ክፍል ከጣሪያው ሥር 60 በ60 የሆነ መስኮት፣ በተቃራኒው ግድግዳ ከወለል ትንሽ ከፍ ብሎ የንፋስ መግቢያ ይኑር። ከላይ ብቻ ከተከፈተ የሚገፋው አየር ስለሌለ እንፋሎቱ ኮርኒስ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል።

አሁን ወደ መብራቱ። ያናደደኝና ብዙ ወጪ ያስወጣኝ ይህ ነው።

ማህተም ያረፈበት የኤሌክትሪክ ንድፍ ማድ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሶኬት አሳይቷል። ሦስቱም በአንድ መስመር፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀጣጠሉ። ምጣድ የሚል ቃል ንድፉ ላይ የለም። ለምጣዱ ብቻውን መስመር ይዘርጋ ስል ከነዳፊው ያገኘሁት መልስ ንድፉ ደረጃውን የጠበቀ ነው የሚል ነው። ሽቦ ዘርጊውም ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያሠራው አለኝ። ያጸደቀው ክፍል ደግሞ ያየው ከአጥር መራቁንና የኮለኑን ብረት ነው። ጎንደር ውስጥ እንጀራ የማይጋገርበት ቤት የለም፤ የቤት ንድፍ የሚያጸድቅ ሰው ምጣዱ የት ነው ብሎ አለመጠየቁ እስካሁን አይዋጥልኝም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። አጠገቡ 2,000 ዋት የሆነ ምድጃ ሲበራ 9 ይጨምራል፤ 1,500 ዋት የውሃ ማፍያ ሲሰካ ወደ 7። ድምሩ 32 አምፔር ነው። ግድግዳ ውስጥ በቱቦ የሄደ የ2.5 ሽቦ በደኅና የሚችለው ወደ 20 ነው። መጀመሪያ የገባው ብሬከር 20 ስለነበር ምጣድና ምድጃ አብረው ሲበሩ ይወድቃል፤ መውደቁ ደግሞ ሥራውን መሥራቱ ነበር። ሽቦ ዘርጊው ያመጣው መፍትሔ ብሬከሩን አንሥቶ በ32 መተካት ነው። ብሬከር የሚመረጠው ለሽቦው ነው፤ ሽቦው ከሚችለው በላይ የሆነ ብሬከር ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሲቃጠል ቆሞ ያያል። ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር ከፍ ባለ ልተካው የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሥራውን ያኔውኑ አስቁሙት።

መጀመሪያ የቀለጠው ሶኬቱ ነው። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆነ፣ ቀጥሎ ስፒናው ተጣብቆ አልወጣ አለ። ሲፈታ ከጀርባው ሁለት ሽቦ ተጠማዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ የመዳቡ ጫፍ ጠቁሯል፣ ናስትሮው ወደ ሙጫነት ተለውጧል። የላላ ግንኙነት የሚያደርሰውን በቁጥር ላሳይ። መገናኛው ላይ 0.1 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖር በ16 አምፔር 25 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። የሬዲዮ ጠጋኞች የመበየጃ ቆርቆሮ የሚያቀልጡበት ብረት የሚሠራው በዚህ ኃይል ነው፤ ያ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ምጣዱ በበራ ቁጥር ይግላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ምጣድ በስፒና መሰካት የለበትም የምለው፤ ሻጩ ስፒና አስገብቶ ቢሰጣችሁም። ተራ ሶኬት ላዩ ላይ 16 አምፔር ተጽፎበታል፤ ሰዓታት ሙሉ እስከ ጫፉ ሲጫን ግን የውስጡ ምላስ ይላላል፣ ሲላላ ይግላል፣ ሲግል ይብስ ይላላል።

ሴራሚኩ ተፈልፍሎ እንደገና የተሠራው እንዲህ ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ተነሥቶ መሐል ላይ የማይቀጠል፣ ለምጣዱ ብቻ የሆነ የ4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ መስመር፤ ርቀቱ ከ20 ሜትር ካለፈ 6 ይሻላል። ብሬከሩ 25 አምፔር። ከምጣዱ ጎን በ1 ሜትር ከ20 ከፍታ፣ ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ፣ መብራት ያለው 32 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ። ከምጣዱ ጀርባ አይደረግ፤ እሳት ቢነሣ በነበልባል ላይ እጅ ሰዶ ማጥፋት አይቻልም። ከማጥፊያው ወደ ምጣዱ የሚሄደው ሙቀት የሚችል ገመድ በብሎን የሚጠብቅ ማገናኛ ይያዝ፤ ናስትሮ የለም። ምድጃው ሁለተኛ መስመር፣ የቀሩት ሶኬቶች ሦስተኛ። ልስን ሳይጀመር ይህ ሁሉ ጥቂት ሜትር ሽቦና ቱቦ ነው። ከሴራሚክ በኋላ ግን ፍልፈላ፣ ልስን፣ ከዚያም ተመሳሳይ ሴራሚክ ፍለጋ ይከተላል፤ የዚያው ፋብሪካ ያው ቁጥር እንኳ ምርቱ ከተለየ ቀለሙ ይለያል። ስለዚህ አንድ ካርቶን ትርፍ ገዝታችሁ አስቀምጡ።

ግራውንዱ፣ ያፈተለከ ኃይል ወደ መሬት የሚወርድበት መስመር፣ አይረሳ። ምጣድ አካሉ ብረት ነው፣ የምትጋግረው ሴት እጇ እርጥብ ነው። 1 ሜትር ተኩል የሚሆነው የግራውንዱ ዘንግ ሙሉ በሙሉ መቀበር አለበት። የእኛ መሬት ብዙ ቦታ ድንጋይ ስለሆነ ቆርጠው ግማሹን ሊቀብሩ የሚፈልጉ አሉ፤ አትፍቀዱ፤ ቦታ ይቀየር ወይም ሁለት ዘንግ ተራርቆ ይቀበርና ይያያዝ። ኃይል ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከርም ይግባ። ከርሞ የተነሣ ምጣድ ሸክላው እርጥበት ስለሚይዝ ይህ ብሬከር መጀመሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ምጣዱን ፀሐይ ላይ አድርቁት እንጂ ብሬከሩን አታስወጡት።

ሌላው ጣጣ የማታ ኃይል ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በዚያው ልክ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል፣ 3,500 የነበረው 2,340 አካባቢ ይሆናል። እንጀራው ዓይን የማያወጣው ሊጡ ተበላሽቶ ሳይሆን ምጣዱ ሳይግል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ምጣዱ በርቶ ሳለ ቮልቱን ቆጣሪው ላይና ምጣዱ ጋ አስለኩ። በሁለቱ መካከል ከ5 ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ጥፋቱ የቤታችሁ ሽቦ ላይ ነው፤ ቆጣሪው ላይም ዝቅ ካለ ከውጭ ነው፣ ጠዋት ጋግሩ። ስታቢላይዘር ለምጣድ አልመክርም፤ ቮልቱን ከፍ ለማድረግ ከመስመሩ የበለጠ አምፔር ይስባል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ሁሉም ያስቀምጣል። ሮቶው ከቧንቧው 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.3 ባር ነው፤ ባለ አንድ እጀታው የሚያምረው ቧንቧ በዚህ ግፊት ይንጠባጠባል፣ ተራው የሚዞረው ይሻላል። ከጠረጴዛው ሥር አንዱን ክፍል መዝጊያ ሳታደርጉ ለ20 ሊትር ጀሪካኖች ተዉት፤ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ስለሆነ ወለሉ ሴራሚክ ይሁን፣ ከካቢኔት ሰሌዳ ላይ አይቀመጥ። ባለ ሁለት ጉድጓድ ሲንክ ለእኛ ድስት አይሆንም፤ አንድ ሰፊ ጉድጓድ ይሁን። ከእሱ በተጨማሪ በምጣዱ ክፍል ጥግ ወለሉ ላይ 70 በ70 የሆነ፣ ዙሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ማጠቢያ አሠርቻለሁ። ትልቅ ድስት፣ የሊጥ ባልዲ፣ የጠላ እንስራ የሚታጠበው እዚያ ነው። የሊጥ እጣቢ ቱቦ ውስጥ ይረጋል፤ ስለዚህ ቱቦው 75 ሚሊ ሜትር፣ ቁልቁለቱ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ መታጠፊያው ላይ የሚከፈት ክዳን ይኑረው።

ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ቢያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ ውጭ ይቁም፤ ካልተቻለ ከወለሉ እኩል የንፋስ ቀዳዳ ባለው ቦታ ይሁን እንጂ በተዘጋ ካቢኔት ውስጥ አይደረግ። የቡና ከሰል በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ፣ መስኮት ተከፍቶ ብቻ ይገባል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጥራጥሬ ምድጃ ላይ ረጅም ሰዓት ይይዛል። ሁለት ዓይን ምድጃ አይበቃም፤ አንዱን ጥራጥሬው ሲይዘው ለቁሌትና ለአብሲት አንድ ብቻ ይቀራል።

ለሽቦ ዘርጊው የመጨረሻው ክፍያ ሳይከፈል ምጣዱን፣ ምድጃውንና ማፍያውን አብራችሁ ለአንድ ሰዓት አብሩ፤ የሠፈሩ የኃይል አጠቃቀም የሚበዛበት ማታ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በእጃችሁ ጀርባ የማጥፊያውን ሽፋን፣ ሶኬቶቹንና የብሬከር ሳጥኑን ክዳን ንኩ። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ቦታ ካለ እዚያ ያለው ብሎን ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጥኗል፤ ዋናውን አጥፍቶ ራሱ ይክፈተውና ዓይናችሁ እያየ ያጥብቀው።