አክስቴ ቤት ሲመርጡ

ሰሞኑን ከአክስቴ ጋር ቤት ፍለጋ ላይ ነን። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ቦርሳቸውን ይበረብራሉ፣ ቁልፍ የሚፈልጉ ይመስል። ቁልፉ ግን እጃቸው ላይ ነው። ትንፋሽ እየሰበሰቡ መሆኑ እንዲታወቅባቸው አይፈልጉም።

ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። በደወለ ቁጥር «እማዬ፣ እኔ ጋ ነይ በቃ፣ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ» ይላል። እሳቸው ደግሞ ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞር ይሉና «እሱ ሥራ ሲሄድ ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው?» ይሉኛል።

ነገሩ ሲያብሰለስለኝ ትንሽ አነበብኩ። ሊትዋክና ሎንጊኖ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጽሑፍ የአረጋውያንን ቤት መቀየር በሦስት ይከፍሉታል። መጀመሪያ ጡረታ እንደተወጣ፣ ጉልበት ሳለ፣ ጥሩ አየርና ጸጥታ ፍለጋ። ቀጥሎ አቅም ሲደክም ወይም የትዳር አጋር ሲሞት፣ ወደ ልጆች። መጨረሻ ላይ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለው ሕመም ሲመጣ፣ ወደ መጦሪያ ተቋም። ሦስቱንም የሚያልፍ ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ጭራሽ ከቤቱ ንቅንቅ አይልም።

በዚህ ስሌት አክስቴ ሁለተኛው ላይ ናቸው፤ ወደ ልጃቸው መሄድ ነበረባቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ግን እዚያው ሰፈር፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ነው። እኔም እውነት አላቸው ባይ ነኝ። ሌሊት ቢያማቸው ቶሎ የምትደርሰው ትርፍ ቁልፋቸውን የያዘችው ጎረቤት ናት። የፋርማሲው ልጅ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ስም ሳይነግሩት ያውቃል። ይህን ሁሉ በዚህ ዕድሜ ሌላ ከተማ ሄዶ ከዜሮ መጀመር ቀላል አይደለም። ልጅየው የሚያስበው ስለ ክፍሉ ነው (ክፍሉ ደግሞ ቆንጆ ነው፣ ፎቶውን ልኮልኛል)።

ቤት ስናይ የሚጠይቁት ጥያቄ ይገርመኛል። የሳሎኑ ስፋት ግድ አይሰጣቸውም። ከበሩ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ በእግራቸው ሄደው ይሞክሩታል። መንገድ ላይ መቀመጫ አለ? መብራቱ ሳይቀየር መሻገር ይቻላል? መታጠቢያ ቤቱ ደፍ አለው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአረጋውያን ምቹ ስለሆኑ ከተሞች መመሪያ ሲያዘጋጅ በ33 ከተሞች ሰው አነጋግሮ ነበር። እዚያም ውስጥ የመንገድ መቀመጫና የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ጉዳይ ተነሥቷል። አክስቴ መመሪያውን አላነበቡም፤ ጉልበታቸው ነግሯቸዋል።

ማክሰኞ አንድ ቤት ተገኘ። ጠበብ ያለ ነው፤ ከሦስቱ ቁምሳጥን ሁለቱ አይገቡም። ልጅየው አልተዋጠለትም። ቅዳሜ መጥቶ አይቶ አብረን እንወስናለን ተባብለናል። አክስቴ ግን ቀብዱን ትናንት ከፍለዋል።